ሉዊ ፓስተርና የዶሮዎቹ ውለታ

በሌሞ ወረዳ፣ በሆሳዕና ከተማ ዙሪያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ላደገ ተማሪ ዶሮ ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነች ማስረዳት አያሻም። በሬና ላም የአባወራው ሀብት ሲባሉ ዶሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእናት ገንዘብ ናት። በእንሰቱ ጥላ ሥር ስትጭር ትውላለች፤ እንቁላሏ ወደ ሆሳዕና ገበያ ይወጣና ጨው፣ ሳሙና፣ ደብተርና እርሳስ ሆኖ ይመለሳል። ዛሬ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠው ስንቱ ወጣት የመጀመሪያ ደብተሩ የተገዛው በእንቁላል ዋጋ ነው።

ነገር ግን ዝናም ሲጀምር፣ አንዳንድ ዓመት ክፉ ነገር ይመጣል። ትናንት ስትሮጥ የነበረችው ዶሮ ላባዋን ነፍታ፣ ክንፏን ጥላ ከጓሮ ትቆማለች። ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል፤ አንገቷ ይጣመማል፤ በማግሥቱ ትሞታለች። ከዚያም የጎረቤት፣ ከዚያም የመንደሩ ዶሮ ይከተላል። በጥቂት ቀን ውስጥ ግቢው ሁሉ ጭር ይላል። ሕዝባችን ይህን በሽታ ፈንግል ይለዋል።

ፈንግል አንድ ጊዜ ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለውም። አስቀድሞ የሚከላከል ክትባት ግን አለው። አስቀድሞ የሚለው ቃል ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የሰው ልጅ ትርጉሙን ለማወቅ ብዙ ሺህ ዓመት ፈጅቶበታል። የበሽታን ጀርም በላቦራቶሪ አድክሞ ለሰውነት የጦር ልምምድ ማድረግ የተቻለው በ1879 እና በ1880 ሲሆን፣ ይህን ያስተማሩትም ዶሮዎች ናቸው። ከዶሮዎች ትምህርቱን የተቀበለው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ይባላል። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደናል። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

የቆዳ ፋቂው ልጅ

ፓስተር የተወለደው በፈረንሳይ አገር፣ ዡራ በሚባለው ተራራማ አውራጃ፣ ዶል በተባለች ከተማ ዲሴምበር 27 ቀን 1822 ነው። አባቱ ዣን ዦዜፍ በናፖሌዎን ጦር ውስጥ በሃምሳ አለቅነት ያገለገለና የክብር ሌጊዮን ኒሻን የተሸለመ ወታደር ነበር። ናፖሌዎን ከወደቀ በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራው ወደ ቆዳ ፋቂነት ተመለሰ። ፓስተር ያደገው አርቧ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከአባቱ የቆዳ ማልፊያ አጠገብ ነው። አባቱ ራሱ ብዙ ባይማርም ልጁ እንዲማርለት የነበረው ምኞት ከፍ ያለ ነበር።

ልጁ ግን በመጀመሪያ ከጓደኞቹ ልቆ የሚታይ ተማሪ አልነበረም። የሚደነቅለት ሥዕሉ ነበር፤ በልጅነቱ የሣላቸው የአባቱና የእናቱ ሥዕሎች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይኖራሉ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል ለትምህርት ወደ ፓሪስ ተላከ፤ ነገር ግን የአገሩ ናፍቆት ስላሸነፈው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ተመለሰ። በኋላ ቤዛንሶን በተባለ ከተማ ተማረ። በ1842 የሳይንስ ፈተና ሲያልፍ በኬሚስትሪ ያገኘው ውጤት መካከለኛ ነበር። የመምህራን ከፍተኛ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተናንም አልፎ ነበር፤ ግን በደረጃው ስላልተደሰተ ቦታውን ትቶ አንድ ዓመት ሙሉ እንደገና አጠና። በ1843 በተሻለ ደረጃ ገባ። በአንድ ፈተና ውጤት ተስፋ የሚቈርጥ ተማሪ ይህን ልብ ቢል መልካም ነው።

በ1848፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ከወይን ጠጅ በሚገኝ አሲድ ጨው ላይ ሲመረምር አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል የሆኑ ሁለት ዓይነት ቅንጣቶች መኖራቸውን አስተዋለ። ከዚያ በፊት ስመ ጥሩ ሊቃውንት ያንኑ ጨው አይተው ልዩነቱን አላስተዋሉም ነበር። ፓስተር በጥፍር የምታክለውን ቅንጣት አንድ በአንድ በእጁ ለየ። በሕይወቱ ሁሉ የታየው ይህ ጠባዩ ነው፤ ሌላው አልፎት የሚሄደውን እሱ ቆም ብሎ ያየዋል።

በ1849 ስትራስቡርግ ሳለ የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊ ልጅ ማሪ ሎራንን አገባ። ማሪ ቤቱን ከማስተዳደሯ በላይ ማታ ማታ እሱ የሚናገረውን እየጻፈች፣ ጽሑፉን እየገለበጠች በሥራው ረድታዋለች። አምስት ልጆች ወልደው ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱባቸው፤ ከእነዚህም ሁለቱ ሴቶች ልጆች የሞቱት በታይፎይድ ነው። ተላላፊ በሽታ ለዚህ ሊቅ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አልነበረም።

ከጠጅ ወደ ትል፣ ከትል ወደ ከብት

በ1854 ሊል በተባለ የኢንዱስትሪ ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ ተሾመ። በዚያ ከስኳር ሥር አልኮል የሚያወጡ ነጋዴዎች አልኮሉ እየተበላሸባቸው ሲቸገሩ ፓስተር ጋኖቻቸውን ሊመረምር ወረደ። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን፣ መፍላትም የእርሱ ሥራ መሆኑን፣ ሌላ ዓይነት ረቂቅ ነፍስ ሲገባበት ደግሞ መጠጡ እንደሚበላሽ አስረዳ። በቤታችን ጠላና ጠጅ የሚጠምቁ እናቶች እርሾውን ለምን እንደሚጠብቁ፣ ጋኑንስ ለምን አጥበው እንደሚያጥኑ እናውቃለን። ልማዱን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ምክንያቱን ያሳየው ግን ፓስተር ነው። ወይንና ቢራ ሳይፈላ በልክ ቢሞቅ እንዳይበላሽ የሚያደርገውም ዘዴ በስሙ ተጠርቶ፣ ዛሬ በየሱቁ ፓስቸራይዝድ የተባለው ወተት ይሸጣል።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ረቂቅ ነፍሳት ከበሰበሰ ነገር እንዲሁ በራሳቸው ይፈጠራሉ ብለው ያምኑ ነበር። ፓስተር አንገታቸው እንደ ዳክዬ አንገት በቀጠነና በታጠፈ ብርጭቆዎች ውስጥ መረቅ አፍልቶ አስቀመጠ። አየር ይገባል፤ አቧራው ግን በታጠፈው አንገት ላይ ይቀራል። መረቁም ሳይበላሽ ኖረ። አንገቱ ሲሰበር ግን በጥቂት ቀን ተበላሸ። በዚህም ጀርም ከጀርም እንጂ ከምንም እንደማይወለድ አረጋገጠ።

በ1865 መንግሥት የሐር ትል በሽታን እንዲያጠና ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ላከው። ስለ ሐር ትል ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ብዙ ከተሳሳተ በኋላ በሽታዎቹ ሁለት መሆናቸውን ለየ፤ ጤናማውን እንቁላል በማይክሮስኮፕ መርጦ ማስቀረትንም ለገበሬዎች አስተማረ። በዚህ ሥራ መካከል፣ በኦክቶበር 1868፣ በ45 ዓመቱ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ግራ ጎኑ ሰለለ። እንግዲህ ከዚህ በታች የምንነግረው ታላቅ ሥራ ሁሉ የተሠራው ግራ እጁ በማይታዘዝለት፣ እግሩን እየጎተተ በሚሄድ ሰው ነው። ስለዚህ በእጅ የሚሠራውን ረቂቅ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚፈጽሙለት ኤሚል ሩ፣ ሻርል ሻምበርላን የመሰሉ ወጣት ረዳቶች ነበሩ።

የዶሮ መረቅ

በ1870ዎቹ መጨረሻ በኤውሮጳ የዶሮ ኮሌራ የሚባል በሽታ የዶሮ እርባታዎችን ይፈጅ ነበር። ይህ ከሰው ኮሌራ ጋር ዝምድና የለውም፤ በባክቴሪያ የሚመጣ የወፍ በሽታ ነው። የታመመችው ዶሮ ታንቀላፋለች፤ ክንፏ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜም ሳትነቃ ትሞታለች። የኢጣልያው የእንስሳት ሐኪም ፔሮንቺቶ በ1878 ጀርሙን አይቶት ነበር። በቱሉዝ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ወጣቱ አንሪ ቱሴንም አጥንቶት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከበሽታው የተገኘውን ናሙና ለፓስተር ላከለት።

ፓስተር ጀርሙን በእርሾ ውኃ ሊያራባው ቢሞክር ሞተበት። በመጨረሻ ከዶሮ ሥጋ የተሠራ መረቅ አሲዱ ተስተካክሎ ሲሰጠው እንደ ጉድ ተራባ። ከዚህ መረቅ አንዲት ጠብታ በዳቦ ላይ አድርገው ለዶሮ ቢሰጧት ትታመማለች፤ ኩሷም ሌሎቹን ያስይዛል። መረቁን በየጊዜው ወደ አዲስ መረቅ ካዛወሩት የመግደል ኃይሉ እንዳለ ይኖራል።

እንግዲህ በብዙ መጽሐፍ የሚተረከው ታሪክ እንዲህ ይላል። በ1879 በጋ ላቦራቶሪው ለዕረፍት ተዘጋ። መረቁ በመደርደሪያ ላይ ተረስቶ ከረመ። ሲመለሱ ያንኑ የቆየ መረቅ ለዶሮዎች ቢወጉ ዶሮዎቹ ጥቂት አሟቸው ዳኑ። ኋላም አዲስና ኃይለኛ መረቅ በወጓቸው ጊዜ፣ ሌሎቹ ዶሮዎች ሲያልቁ እነዚያ ግን ምንም ሳይሆኑ ቀሩ።

ታሪኩ ያማረ ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የፓስተር የሥራ ደብተሮች ለብዙ ዘመን በቤተሰቡ እጅ ተዘግተው ቆይተው በ1964 ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተሰጡ። ሊቃውንት ገልጠው ሲመረምሯቸው ነገሩ የአንድ ቀን ድንገተኛ ዕድል ሳይሆን ከ1879 በጋ እስከ 1880 መጀመሪያ የዘለቀ፣ ብዙ ሙከራና ብዙ ውድቀት ያለበት ሥራ ሆኖ ተገኘ። በሥራውም ውስጥ የኤሚል ሩ እጅ ሰፊ ነበር። ለእኛ ይህኛው ታሪክ ከፊተኛው ይበልጥ የሚያጽናና ይመስለናል፤ ዕድልን ማንም ሊያዝ አይችልም፣ ድካምን ግን ማንም ሊጀምር ይችላል።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1880 ፓስተር ግኝቱን ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ደግሞ ምስጢሩን ገለጠ። አንዱ መረቅ ወደ ሌላው የሚዛወርበት ጊዜ አንድና ሁለት ወር ቢዘገይ የጀርሙ ኃይል ብዙም አይለወጥም፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስምንት ወር ሲቆይ ግን የሚሞቱት ዶሮዎች ቍጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ጀርሙ አየር በማይገባበት በተደፈነ ብርጭቆ ከተቀመጠ ግን ኃይሉን እንደ ያዘ ይኖራል። ስለዚህ የሚያደክመው በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው ብሎ ደመደመ።

አንባቢዎቻችን የዚህን ነገር ትልቅነት ልብ ይበሉ። እንግሊዛዊው ጄነር በ1796 ሰውን ከፈንጣጣ ለማዳን የላም ፈንጣጣ ከትቦ ነበር፤ ነገር ግን ያ ተፈጥሮ አዘጋጅታ የሰጠችው ነው። ለሌሎቹ በሽታዎች እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ስጦታ አልተገኘም። ፓስተር ግን ገዳዩን ጀርም ራሱን ይዞ፣ በሰው ብልሃት አድክሞ፣ ጠላቱን ወደ አስተማሪነት ለወጠው። ለአንድ በሽታ ከተቻለ ለሌላውም ይቻላል ማለት ነው። በ1881 ለንደን ላይ በተደረገው የሐኪሞች ጉባኤ ለጄነር ክብር ሲባል እንዲህ ያለው መከላከያ ሁሉ በላም ስም፣ ቫክሲን ተብሎ እንዲጠራ ያሳሰበ እሱ ነው።

ክብርና ጥላው

ከዶሮ ቀጥሎ ተራው የአባ ሰንጋ ሆነ። በሜይ 1881 ከፓሪስ አጠገብ ፑዪ ለ ፎር በተባለ የእርሻ ቦታ ፓስተር በሕዝብ ፊት ሙከራ አደረገ። 24 በጎች፣ አንድ ፍየልና ስድስት የቀንድ ከብቶች ሁለት ጊዜ ተከተቡ። ሌሎች 24 በጎች፣ አንድ ፍየልና አራት ከብቶች ሳይከተቡ ቀሩ። ሜይ 31 ቀን ሁሉም ኃይለኛው ጀርም ተወጉ። ጁን 2 ቀን ሹማምንት፣ ገበሬዎች፣ ሐኪሞችና ጋዜጠኞች ተሰብስበው ሲመለከቱ ያልተከተቡት በጎች አብዛኞቹ ሞተው ተገኙ፤ የቀሩትም በዚያው ቀን አለቁ። የተከተቡት በጎች ግን ቆመው ይግጡ ነበር።

ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ይሁን እንጂ ታሪክ ጸሐፊ ሁሉንም መናገር አለበት። ፓስተር ሕዝቡ ክትባቱ እንደ ዶሮው ሁሉ በአየር የደከመ ነው ብሎ ሲያምን ዝም አለ፤ በእውነቱ ግን ያን ቀን የተሠራበት ሻምበርላን በኬሚካል ያዘጋጀው ነበር። በኬሚካል የማድከሙን መንገድ ደግሞ ከእነሱ በፊት፣ በ1880፣ የሞከረው ያ የዶሮውን ናሙና የላከው አንሪ ቱሴን ነው። ቱሴን የሚገባውን ምስጋና ሳያገኝ፣ ሕመም አድክሞት በ1890 በ43 ዓመቱ ሞተ። ሊቅነት ከሰው ድካም ነጻ እንደማያደርግ ከዚህ እንማራለን። የፓስተርን ታላቅነት የምንቀበል ከሆነ የቱሴንንም ስም አብረን መጥራት ይገባናል።

ከዚህ በኋላ የመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጁላይ 6 ቀን 1885 ዦዜፍ ማይስተር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከአልዛስ ወደ ፓሪስ መጣ፤ ከሁለት ቀን በፊት እብድ ውሻ ብዙ ቦታ ነክሶት ነበር። ፓስተር የሕክምና ዶክተር ስላልነበረ መርፌውን የሚወጋ ሐኪም ተጠራ። በዐሥር ቀን ውስጥ 13 ጊዜ ተወግቶ ልጁ ሳይታመም ቀረ። በሽታው ከንክሻው እስከ አንጎል ለመድረስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድበት ክትባቱ ቀድሞት ሊደርስ ይችላል። ነገሩ ሁሉ የቅድሚያ ሩጫ ነው። በ1886 ከሩሲያ፣ ከስሞሌንስክ አገር፣ እብድ ተኵላ የነከሳቸው 19 ሰዎች መጥተው 16ቱ ድነው ተመለሱ፤ የሩሲያው ንጉሥም 100,000 ፍራንክ ላከ።

ከየአገሩ ሕዝብ በተሰበሰበው ከ2 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ገንዘብ የፓስተር ኢንስቲቲዩት ተሠርቶ ኖቬምበር 14 ቀን 1888 ተከፈተ። ፓስተር በዚያ ቀን ድምፁ ስለ ደከመ ንግግሩን ያነበበለት ልጁ ነው። ሰባኛ ዓመቱ በ1892 በታላቅ ክብር ተከበረለት። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1895 ከፓሪስ ወጣ ባለ ስፍራ በ72 ዓመቱ ዐረፈ። ዐፅሙ በኢንስቲቲዩቱ ምድር ቤት ውስጥ ይገኛል።

ዶሮዎቹ ከእሱ በኋላ የተናገሩት

ፓስተር ዶሮዎቹ እንደሚድኑ አሳየ፤ ለምን እንደሚድኑ ግን በትክክል አላወቀም። የመጀመሪያው ጀርም በሰውነት ውስጥ ያለውን ምግብ ስለሚጨርሰው ሁለተኛው የሚበላው ያጣል ብሎ ገምቶ ነበር። ይህ ስሕተት ነው። የሩሲያው ተወላጅ ሜችኒኮፍ በደም ውስጥ ጀርምን የሚውጡ ሕዋሳት መኖራቸውን ገለጠ፤ በ1890 ደግሞ ቤሪንግና ኪታሳቶ በደም ውኃ ውስጥ መርዝን የሚያከሽፍ ነገር መኖሩን አሳዩ። ይህ ነገር ዛሬ አንቲቦዲ ይባላል።

አንቲቦዲ የት እንደሚሠራ ለማወቅም መንገድ የከፈተች ዶሮ ናት። በዶሮ ጅራት ሥር፣ ከኩስ መውጫው በላይ፣ ቡርሳ የምትባል ትንሽ ከረጢት አለች። ፋብሪስዩስ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ ስለ እርሷ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1621 ነው፤ ነገር ግን ጥቅሟ ከ300 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ኖረ። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ብሩስ ግሊክ የተባለ ወጣት ተማሪ ቡርሳቸው በጫጩትነታቸው የወጣ ዶሮዎች አንቲቦዲ ማዘጋጀት እንደሚያቅታቸው አገኘ። በሰውም ደም ውስጥ ያሉት አንቲቦዲ ሠሪ ሕዋሳት ቢ ተብለው የሚጠሩት የስማቸው መነሻ ይህች የዶሮ ቡርሳ ስለ ሆነች ነው። ጉምቦሮ የተባለው የዶሮ በሽታ ክፉ የሚሆነውም ይህችኑ ቡርሳ ስለሚያጠፋ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከፈረሰ ክትባት ቢሰጥም የሚማር የለም።

ፓስተር በዶሮ ኮሌራ ላይ በሚደክምበት ጊዜ በሰሜን ኢጣልያ ሌላ መቅሠፍት ዶሮዎችን ይፈጅ ነበር። ይህንንም በ1878 የጻፈው ያው ፔሮንቺቶ ነው። በመጀመሪያ ከዶሮ ኮሌራ ጋር ይደባለቅ ነበር፤ በ1901 ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጥለያ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር መሆኑ ታወቀ፤ በ1955 ደግሞ ከሰው ኢንፍሉዌንዛ ወገን የሆነ ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ። ዛሬ የወፍ ጉንፋን የምንለው ይህ ነው።

የወፍ ጉንፋን ዶሮን እንዲህ የሚጎዳት ለምንድን ነው? የዶሮ ሰውነት እንደ እኛው ሁለት የመከላከያ ጦር አለው። የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ የሚነሣ፣ ጠላቱን ሳይለይ የሚመታ ዘብ ነው። ሁለተኛው ጠላቱን ለይቶ አንቲቦዲ የሚያዘጋጀው ሠራዊት ነው፤ ይህ ግን ለመሰለፍ አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ኃይለኛው የወፍ ጉንፋን ዶሮን በአንድና በሁለት ቀን ሊገድል ስለሚችል ሠራዊቱ ሳይሰለፍ ጦርነቱ ያልቃል። ዳክዬ ግን ብዙ ጊዜ ሳትሞት ቫይረሱን ተሸክማ ትዞራለች። በ2010 የወጣ ጥናት ከምክንያቶቹ አንዱን አሳይቷል፤ በዳክዬ ሕዋስ ውስጥ ቫይረሱን ቶሎ የሚያውቅ ጠባቂ ሲኖር በዶሮ ውስጥ ግን ይህ ጠባቂ የለም።

ለወፍ ጉንፋንም ክትባት ተሠርቷል። የፓስተር አገር ፈረንሳይ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ዳክዬዎቿን ትከትባለች። ነገር ግን ቫይረሱ መልኩን ቶሎ ቶሎ ስለሚለውጥ ክትባቱም አብሮት መለወጥ አለበት፤ የተከተበችም ወፍ ሳትታመም ቫይረሱን ልትዘራ ስለምትችል ምርመራ አብሮ ካልሄደ ክትባቱ ብቻውን አይበቃም።

የፓስተር ስም በአገራችን

በፓሪስ ኢንስቲቲዩቱ በተከፈተበት በ1888 በኢትዮጵያ የነበረውን ሁኔታ ስናስታውስ ልባችን ይነካል። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ ከሰሜን እስከ ደቡብ አገሩን አዳርሶ፣ ከከብቱ ከመቶ ዘጠና ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። አራሽ በሬ ጠፋ፤ ረኀብ ገባ፤ ሕዝቡም ዘመኑን ክፉ ቀን ብሎ ጠራው። ክትባት የሚባል ጥበብ በዓለም ላይ ነበረ፤ ለዚያ በሽታ ግን ገና አልተዘጋጀም፤ ወደ እኛም የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። ይኸው በሽታ ከብዙ ዘመን የክትባት ዘመቻ በኋላ በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፓስተር ኢንስቲቲዩት በአዲስ አበባ ተቋቁሞ የእብድ ውሻና የፈንጣጣ ክትባት ያዘጋጅ ጀመር። ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በደቡብ ምዕራብ አገራችን ብርቱ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ የኢንስቲቲዩቱ ሊቃውንት በስፍራው ተገኝተው መርምረዋል። ተቋሙ በየጊዜው ስሙን እየለወጠ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ግን ዛሬም ፓስተር ይለዋል። ለእንስሳት ደግሞ በ1964 በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የተቋቋመው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግልን ክትባት ጭምር ያዘጋጃል።

በ2006 የወፍ ጉንፋን ናይጄሪያ መግባቱ በተሰማ ጊዜ በጉራጌ አገር በአንድ የዶሮ ርቢ ጣቢያ ብዙ ዶሮ ሞቶ ጥርጣሬ ተነሥቶ ነበር። ምርመራው የወፍ ጉንፋንን አላገኘም። ቢሆንም ሰው ዶሮና እንቁላል መግዛት ስለ ፈራ ዋጋው ወደቀ፤ የዶሮው ገንዘብ የእናት ገንዘብ ነውና ጉዳቱ ወደ ማን እንደ ሄደ አንባቢ ይረዳዋል። ምንነቱ ቶሎ ያልታወቀ በሽታ ዶሮ ባይገድልም ገበያ ይገድላል።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ወደ ሌሞ ግቢ እንመለስ። ሙቀት የሚችለው የፈንግል ክትባት በዓይን በጠብታ የሚሰጥ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ክትባቶች ከማቀዝቀዣ ጥቂት ቢርቅ ወዲያው አይበላሽም። ነገር ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለ ሆነ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ካልተሰበሰበ ይባክናል። የዶሮዋ ሰውነት ትምህርቱን ለመቀበል ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚያስፈልገው ዝናሙ ሳይገባ መሰጠት አለበት፤ በየሦስት በየአራት ወሩም መደገም ይኖርበታል። በሽታው መንደር ከገባ በኋላ ብልቃጥ ይዞ መሮጥ ለታመሙት ዶሮዎች ምንም አይፈይድም፤ ይልቁንም ክትባቱ ገደለ የሚል ወሬ ያስነሣና ሕዝቡን ከሚቀጥለው ክትባት ያርቀዋል።

ይህ የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም። ቀን የመቍጠር፣ ሰው የመሰብሰብ፣ የተከተበውንና የሞተውን በእውነት የመመዝገብ ሥራ ነው፤ ስለዚህ የወጣቱ ሹምና የወጣቱ ተማሪ ድርሻ ነው። ፓስተር ደብተሮቹን በሕይወት ሳለ ለማንም እንዳያሳዩ ለቤተሰቡ አዝዞ ነበር፤ ሆኖም ውድቀቱን ሳይቀር በደብተሩ ጽፎ ማኖሩ በመጨረሻ እውነቱን አወጣው። የሞተች ዶሮ በመዝገብ ላይ ካልተጻፈች ለምን እንደ ሞተች የሚያውቅ አይኖርም።

የዚህን ሰው ታሪክ አንብበን ማድነቅ ብቻ አይበቃንም። ጠላት ከደጅ ሳይደርስ ሰውነትን ማዘጋጀት እንደሚቻል ዶሮዎቹ ካስተማሩን ከ140 ዓመት በላይ ሆኗል። የቀረው ትምህርቱን ዝናሙ ሳይቀድመው ከቢሾፍቱ እስከ ሌሞ የእንሰት ጓሮ ማድረስ ነው፤ ይህም በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው።